«ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» የሚያማክረው አገልግሎት ገንዘቡ ይገባዋል ወይ?

ከውጤቱ ልጀምር። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቻለሁ። ሦስቱ የአንዲት አማካሪ ናቸው። ግማሹ ቀጠሮ በሰዓቱ ስለሚያከብሩ ነው። የቀረውን ለምን እንደነፈግኳቸው ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ስማቸውን አልጠቅስም። እንዲህ ዓይነት አገልግሎት የሚሰጡት ብዙ ናቸው፣ አሠራራቸውም ይመሳሰላል፣ ስለዚህ የምነግራችሁ ሌላ ጋ ብትሄዱም ይጠቅማችኋል።

አገልግሎቱ ምንድነው? የተረጋጋ ሥራ ያለው ሰው ሌላ ቦታ በተሻለ ደመወዝ ይጠሩታል። ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ እንቅልፍ ያጣል። እነሱ በክፍያ ያማክሩታል። ሁሉም ነገር በቪዲዮ ነው። መጀመሪያ ፎርም፣ ቀጥሎ የስብዕና ፈተና፣ ከዚያ ከአንድ «የሙያ አሠልጣኝ» ጋር ውይይት፣ ከዚያ የቅጥር ደብዳቤው ንባብ፣ በመጨረሻ የጽሑፍ ሪፖርት ይልኩላችኋል።

የኔ ነገር ደግሞ ወዲህ ነው። ያለሁበት መሥሪያ ቤት ደመወዝ ሳይዛነፍ ይገባል። አለቃዬ ሰው ነው። ጡረታው አለ፣ ፈቃዱ አለ፣ ማንም ከመሬት ተነስቶ አያባርረኝም። ዕድገቱ ግን እርከን በእርከን ነው፣ ቀጣዩን እርከን ለማየት ደግሞ ከላይ ያለው ሰው ጡረታ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። የጠሩኝ ቦታ ደመወዙ በ40 በመቶ ይበልጣል። ለቤተሰብ ስነግር ግማሹ «ከቆጡ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለኝ። ግማሹ «አንተ ደግሞ ስትፈራ ልታረጅ ነው» አለኝ። የሁለቱም ወገን ምክር ከልብ ነው። ግን አንዳቸውም የቅጥር ደብዳቤውን አላዩትም። ለዚህ ነው ገንዘብ ከፍዬ ባዕድ ሰው ያማከርኩት።

ፎርሙን በፍጥነት እንለፈው። ረጅም ነው፣ ግማሹም አያስፈልግም። «ራስህን በአምስት ዓመት ውስጥ የት ታያለህ» የሚለው እዚህም አለ። ከሥራ ፈላጊነት ወጥቼ ከፋይ ደንበኛ ሆኜም አልለቀቀኝም።

የስብዕና ፈተናው ነው የመጀመሪያው ችግር። አራት ፊደል ሰጥተው «አንተ እንዲህ ዓይነት ሰው ነህ» የሚለው የታወቀው ዓይነት ነው። የዚህ ፈተና መነሻ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ ናቸው፣ ሁለቱም በሥነ ልቦና መደበኛ ትምህርት የላቸውም። ይሄ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ሲፈተን ሌላ ፊደል ሊያገኝ ይችላል፣ ይሄ በተደጋጋሚ የተነሳበት ትችት ነው። እና በዚህ ላይ ተመሥርቼ ነው ደመወዝ የምጥለው? ለጨዋታ ያህል አሪፍ ነው። ለውሳኔ ግን ውሃ አያነሳም።

ቀጥሎ የሙያ አሠልጣኙ መጣ። ወጣት ነው፣ ፈገግተኛ ነው፣ ጉልበቱ ያስቀናል። የሚያወራው ግን ስለ ድፍረት ነው። «ከምቾት ቀጠናህ ውጣ» ሲል ሰማሁት፣ ደጋግሞ። የምቾት ቀጠናዬ እኮ የምከፍለው የቤት ኪራይ አለው ወንድሜ! አንድ ነገር ግን ጥሩ አድርጎ ነገረኝ፣ ፍትሐዊ ልሁን። በ1988 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳሙኤልሰንና ዜክሃውዘር የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች ያለውን ነገር ባለበት የመተው ዝንባሌ እንዳላቸው በጥናት አሳይተዋል። ከዚያ በፊት በ1979 ካህነማንና ትቨርስኪ ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ነገር አብልጦ እንደሚያንገበግበው ጽፈዋል። ስለዚህ «ልቆይ» የሚለው ስሜታችሁ ሁልጊዜ ብልህነት አይደለም። አንዳንዴ ስንፍና ነው፣ የጥንቃቄ ልብስ የለበሰ።

የሳንቲሙንም ጥናት አነሳልኝ። ኢኮኖሚስቱ ስቲቨን ሌቪት ትልቅ ውሳኔ ያቃታቸውን ሰዎች በኢንተርኔት ሳንቲም አስጣላቸው። ሥራዬን ልልቀቅ ወይ የሚሉም ነበሩበት። ከ20,000 በላይ ሳንቲም ተጣለ። ጥናቱ በ2021 ታተመ። ሳንቲሙ «ለውጥ» ብሏቸው የለወጡት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ ካልለወጡት የተሻለ ደስተኛ ነን አሉ። አሠልጣኙ ይሄን ነግሮኝ «አየህ!» አለ። ምን አየሁ? ሳንቲም ጣሉልኝ ብሎ ድረ ገጽ ድረስ የሚሄድ ሰው ግማሽ ልቡ ቀድሞ የሄደ ሰው ነው። ጥናቱ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ደስ ይላል። ግን የኔን ደብዳቤ ሌቪትም አላነበበውም።

ከዚያ «ሚዛን» የሚሉት ወረቀት አለ። በግራ የመሄድ ጥቅም፣ በቀኝ ጉዳት፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ። ይሄን እንደራሳቸው ፈጠራ አድርገው ነው የሚያቀርቡት፤ የንግድ ምልክት ነገር ለጥፈውበታል። ወረቀቱ ግን ከ250 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ታሪኩ ደግሞ ከነሱ ማብራሪያ ይልቅ ጠቅሞኛል፣ እና ትንሽ ልቆይበት።

በ1772 ጆሴፍ ፕሪስትሊ እንግሊዝ አገር ሊድስ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ሥራው የተረጋጋ ነው። በዓመት 100 ጊኒ (105 ፓውንድ ማለት ነው) ይከፈለዋል፣ ቤትም አለው። ቤተሰቡን ግን በቅጡ አይበቃም፣ እሱ ቢሞት ደግሞ የሚተውላቸው ነገር የለም። ሎርድ ሼልበርን የሚባል መኳንንት ና ቤተ መጻሕፍቴን ያዝልኝ፣ ልጆቼንም እያቸው ብሎ በዓመት 250 ፓውንድ አቀረበለት። ፕሪስትሊ ተጨነቀ። የአንድ ጌታ ጥገኛ መሆን አልወደደም። ወዳጁን ቤንጃሚን ፍራንክሊንን አማከረ። ፍራንክሊን በመስከረም ወር የመለሰለት ደብዳቤ ነው የዚህ ወረቀት አባት። ጉዳዩን በሚገባ ስለማላውቅ ምን እንደምትወስን ልነግርህ አልችልም፣ እንዴት እንደምትወስን ግን እነግርሃለሁ አለው። ወረቀት በመስመር ለሁለት ክፈል፣ በአንዱ ወገን የሚደግፈውን በሌላው የሚቃወመውን ጻፍ፣ በአንድ ጊዜ አትጨርስ፣ ሦስት አራት ቀን እያሰብክ ሙላ፣ ከዚያ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን ከሁለቱም ወገን እየሰረዝክ የሚተርፈውን እይ።

እንግዲህ ያ የታወቀ ሠንጠረዥ የተወለደው የተረጋጋ ሥራ ለደመወዝ ልልቀቅ ወይ በሚል ጥያቄ ላይ ነው! ፕሪስትሊ ሄደ። በ1774 ኦክስጅንን ያገኘው ሼልበርን ቤት እያለ ነው። በ1780 ተለያዩ። እዚህ ጋ ነው ቁም ነገሩ፤ ሲገባ ቀድሞ የተስማማበት ነገር ነበረ። ብንለያይ በዓመት 150 ፓውንድ ዕድሜ ልኬን ይከፈለኛል የሚል። ከሊድሱ ደመወዙ ይበልጣል ይሄ። የ250ው ፓውንድ ነገር ሁሉም ያወራዋል፣ እኔ ግን ያስቀናኝ 150ው ነው።

ይሄን የገባኝ ደግሞ ሁለተኛዋን አማካሪ ካገኘሁ በኋላ ነው። ሦስቱን ኮከብ የሰጠኋቸው እሳቸው ናቸው። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ብዙ ዘመን በሰው ኃይል አስተዳደር የሠሩ። ካሜራውን እንደከፈቱ ሰላምታ፣ ከዚያ «ደብዳቤውን ከኋላ እናንብብ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። የመጨረሻውን ገጽ አወጡ፣ «ውል ስለሚቋረጥበት ሁኔታ» የሚለውን። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ ቃል በቃል አነበቡልኝ። ደመወዝ የተጻፈበት የመጀመሪያው ገጽ ላይ የደረስነው ጊዜው ሊያልቅ ሲል ነው።

ለምን ከኋላ? «የፊቱን ገጽ አንተ በቃልህ ታውቀዋለህ» አሉ። ልክ ናቸው። ቁጥሯን በቃሌ ነበር የያዝኳት።

ከኋላ ስናነብ ምን ተገኘ? አንደኛ፣ የሙከራ ጊዜው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙም ምክንያት ሳይሰጡ፣ ብዙም ማስጠንቀቂያ ሳይኖር ማሰናበት ይችላሉ። ያለሁበት ቦታ ያካበትኩት የአገልግሎት ዘመን አዲሱ ቦታ ላይ ከዜሮ ይጀምራል፤ ሠራተኛ ይቀነስ ከተባለ መጨረሻ የገባው ነው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው፣ የስንብት ክፍያም በአገልግሎት ዘመን ነው የሚሰላው። ሁለተኛ፣ ቦነስ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ቦነስ አለን» ተብያለሁ። ደብዳቤው ላይ ያለው ግን «ድርጅቱ ሲያምንበት ሊሰጥ ይችላል» ነው። እሳቸው «ሊሰጥ ይችላል ማለት ላይሰጥም ይችላል ነው፣ ዜሮ ብለህ ያዘው» አሉኝ። ሦስተኛ፣ የመፈረሚያ ገንዘብ። ደስ ብሎኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ብወጣ መመለስ አለብኝ። ያ ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው በሉት። አራተኛ፣ ከወጣሁ በኋላ ለተወዳዳሪ ድርጅት እንዳልሠራ የሚከለክል አንቀጽ። የት የት እንደሚጸና እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፣ ግን ፈርሞ ኋላ ከመከራከር ሳይፈርሙ ማስወጣት ይቀላል።

አክሲዮን ቃል የተገባላችሁ ካላችሁም ይሄ ገጽ ነው የናንተ ገጽ። ብዙ ጊዜ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሳትጨርሱ ከወጣችሁ ምንም የላችሁም። የኔ ላይ አልነበረም፣ አልፋለሁ።

ከዚያ ሒሳቡን ሠሩልኝ፣ ወረቀት ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ ካሜራ ፊት። ሶፍትዌር የለ፣ ግራፍ የለ። አሁን ያለህ ደመወዝ በወር 100 ነው እንበል፣ ግብሩም ተቀናሹም ወጥቶ 78 ይደርስሃል። አዲሱ 140 ነው። የጨመረው 40 ከላይኛው የግብር እርከን ላይ ነው የሚያርፈው፣ 30 በመቶ ቢቆረጥበት 28 ይቀራል። ስለዚህ የሚደርስህ 106 ነው። 40 በመቶ ያልከው ጭማሪ እጅህ ሲገባ 36 ሆነ። ይሄ ደህና ነው፣ ማንም አይጠላውም።

አሁን ሰዓቱን ጨምርበት አሉ። አሁን በሳምንት 40 ሰዓት ነው የምትሠራው። እዚያ 50 ቢሆንስ? 106ን ለ50፣ 78ን ለ40 አካፍለህ አወዳድር። በሰዓት የሚደርስህ ጭማሪ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። መንገዱ ከረዘመ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አሠሪው ለጡረታህ የሚያዋጣው ልዩነት ካለው እሱም ይገባል። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፣ የራሳችሁን አስገቡበት። እኔ የራሴን ሳስገባ ከዚህ ትንሽ ተሽሎ ወጣ፣ ግን ከ40 ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ ያለው ግን ነው አፌን ያስያዘኝ። «ዓመት ሠርተህ ቢያሰናብቱህስ?» አሉ። በወር 28 ትርፍ፣ በ12 ወር 336 ነው። አንዲት ሳንቲም ሳታጠፋ ብታስቀምጠው። የቀድሞው የወር ገቢህ 78 ነው። 336ን ለ78 ስታካፍለው ከአራት ወር ትንሽ ይበልጣል። እንግዲህ ሥራ ፈት ሆነህ ከዚያ በላይ ከቆየህ፣ ባትንቀሳቀስ ይሻልህ ነበር። ከዚያ በታች ሌላ ሥራ ካገኘህ፣ ትርፉ ያንተ ነው። «አሁን ጥያቄው ድፍረት አለህ ወይ አይደለም» አሉ፣ «በሙያህ ሥራ ለማግኘት ስንት ወር ይፈጃል ነው።» ይሄን ለማወቅ ደግሞ አማካሪ አያስፈልግም። በቅርቡ ሥራ የቀየሩ የሙያ ባልደረቦችን መጠየቅ ነው። ጠየቅኩ። መልሱ የሚያስፈራ አልነበረም።

እሳቸው አንድም ጊዜ «ሂድ» ወይም «ቅር» አላሉኝም። ሁለት ሦስቴ ልጎተጉታቸው ሞከርኩ። «ኪሱ ያንተ ነው» ብለው ዘጉኝ።

እዚህ ጋ ስለ ሪክሩተር፣ ለድርጅቶች ሠራተኛ ፈልጎ ስለሚያመጣው ሰው፣ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው አማካሪ ለምን እከፍላለሁ፣ የጠራኝ ሪክሩተር በነፃ ያማክረኛል ይላል። ሪክሩተሩን የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ ዓመት ደመወዛችሁ በመቶኛ ይሰላል። ደመወዛችሁ ከፍ ቢል እሱም ይጠቀማል፣ እዚህ ላይ አብራችሁ ናችሁ። ካልሄዳችሁ ግን ብዙ ጊዜ አይከፈለውም። ጨዋ ሪክሩተር ብዙ አለ፣ እኔም ያገኘሁት ጨዋ ነው፣ ግን «ባትሄድ ይሻላል» የሚል ምክር ከሱ አትጠብቁ። ይሄ አገልግሎት ለማንኛውም መልስ እኩል ነው የሚከፈለው። የምከፍለው ለዚህ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። የመጨረሻው ሪፖርት አሳፋሪ ነው። ብዙ ገጽ ነው፣ ያሸበረቀ፣ ግን ግማሹ ለማንም የሚሄድ ጽሑፍ ነው። አንዱ ቦታ ላይ «ለቡድን መሪነት ያለህ ጉጉት» ይላል። ጉጉት የለኝም! ፎርሙ ላይም አልጻፍኩም። ከሌላ ሰው ሪፖርት ተገልብጦ የቀረ መሆን አለበት። ከአማካሪዋ ጋር የሠራነው ሒሳብ ደግሞ ሪፖርቱ ውስጥ የለም። ዋናው ነገር ተትቶ ሽፋኑ ተላከ። ጽፌላቸው ይቅርታ ጠየቁ፣ ሒሳቡን ስካን አድርገው ላኩልኝ። ከተላከ በኋላ ደግሞ «የመሪነት ሥልጠና ጥቅል» ግዛ የሚል መልእክት እስካሁን አላቆመም።

ሌላው፣ ስለ አሁኑ አሠሪ ማንም አልጠየቀኝም ማለት ይቻላል። መልቀቂያ ስታስገቡ «ቆይ፣ እንጨምርልሃለን» ቢባልስ? ይሄ የተለመደ ነገር ነው፣ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። አማካሪዋን በራሴ ጠየቅኳቸው። ጭማሪው ለመሄድ ያሰብክበትን ምክንያት ይፈታዋል ወይ ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ምክንያትህ ገንዘብ ብቻ ከሆነ ይፈታል፣ አለቃው ወይም ዕድገቱ ከሆነ ግን ገንዘቡ ለጥቂት ወር ነው የሚያስረሳህ አሉ። ይሄ የአገልግሎቱ አካል መሆን ነበረበት፣ ሰው ጠይቆ የሚያወጣው አልነበረም።

ምን ወሰንክ ትሉኛላችሁ። ለአዲሱ ድርጅት ጻፍኩ። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ይርዘም፣ የመጀመሪያ ዓመት ቦነስ በቁጥር ይጻፍ፣ የመከልከያው አንቀጽ ይውጣ። ቆጣ ይላሉ ብዬ ነበር፣ የሰው ኃይል ሠራተኛቸው ግን የለመደችው ነገር መሰለኝ፣ ሳትገረም ነው የመለሰችልኝ። ማስጠንቀቂያው ረዘመ። አንቀጹ ወጣ። ቦነሱ አልተጻፈም፣ እኔም ዜሮ ብዬ ያዝኩት። ሁለቱ መውጫዎች ስለተስተካከሉ ፈረምኩ። የተፈረመው ደብዳቤ እጄ እስኪገባ፣ ስለ እኔ የሚያደርጉት ማጣራትም እስኪያልቅ የድሮው መሥሪያ ቤት መልቀቂያ አላስገባሁም፣ ይሄንንም ያሳሰቡኝ እሳቸው ናቸው። አሁን የሙከራ ጊዜዬ ላይ ነኝ። ጥሩ ወሰንክ ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ገና ነው።

ለማን ይሆናል? የጽሑፍ ኦፈር እጁ ላይ ላለ ሰው። «ሥራዬ ሰለቸኝ» ብቻ ይዞ ለሚሄድ ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል፣ ከአሠልጣኙ ጋር ስለ ድፍረት ሲያወሩ ውለው ይለያያሉ። ሥራው በእውነት እየጎዳው ያለ ሰውም፣ ጤናውን ወይም ክብሩን፣ ለዚህ ሒሳብ ጊዜ ማባከን የለበትም። የሱ ጥያቄ ሌላ ነው።

መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ፎርሙ ላይ ሙሉ ጥቅሉን አትምረጡ። ከታች፣ በትንሽ ጽሑፍ፣ «የቅጥር ደብዳቤ ንባብ ብቻ» የሚል አለ፣ ዋጋውም ከሙሉው በጣም ያንሳል። በሰው ኃይል የሠሩትን አማካሪ ብላችሁ ጠይቁ፣ ይመድቡላችኋል። የአሁኑን የደመወዝ መክፈያችሁን፣ የአሁኑን ውላችሁንና አዲሱን ደብዳቤ ከነአባሪው አስቀድማችሁ ላኩ። ደብዳቤው «በድርጅቱ መመሪያ መሠረት» የሚል ቃል ካለው መመሪያውንም ከጠራችሁ ድርጅት አስልኩ፤ እሳቸው መመሪያው ካልመጣ ማንበብ አይጀምሩም፣ ቀጠሮውን ነው የሚያራዝሙት።